ሎክ ስክሪኑና የአማርኛው ኪቦርድ፦ ከጎንደር የባግ ሪፖርት ማስታወሻ

ጥቅምት መጀመሪያ

ፒያሳ አካባቢ ባለችው ትንሽ የኮምፒውተር ክፍላችን ውስጥ ያሉት ላፕቶፖች በሙሉ ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራ ነፃ ሥርዓት) ተጭኖባቸዋል። አብዛኞቹ አዲሱን ዊንዶውስ መሸከም አቅቷቸው የተጣሉ ነበሩ። አሁን ተማሪ ይማርባቸዋል፣ ሥራ ፈላጊ ሲቪ ያዘጋጅባቸዋል፣ አንድ አረጋዊ መሪጌታ ደግሞ ከብራና የገለበጡትን የግዕዝ ጽሑፍ ይተይቡባቸዋል።

ሰው ሲቸገር አያለሁ። እስካሁን እዚያው አስተካክዬለት ነበር የማልፈው። እንዲህ ሲሆን ግን ችግሩ የሚፈታው እኛ ክፍል ውስጥ ብቻ ነው። ደብረ ታቦር ወይም ደሴ ያለ ሰው ነገ እዚያው ቦታ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ከአሁን በኋላ ያየሁትን ባግ፣ ማለትም የፕሮግራም ስህተት፣ ለዴስክቶፑ (ሜኑውን፣ መስኮቱንና ሎክ ስክሪኑን ለሚያሳየው ፕሮግራም) ዴቨሎፐሮች እልካለሁ። ሂደቱንም እዚህ እጽፋለሁ።

የዴስክቶፑን ስም አልጠራም። ከባጎቹ መካከል የደህንነት ጉዳይ ከተገኘ እስኪጠገን ድረስ በአደባባይ አለማውራት ደንብ ነው። ስሙን አስቀድሜ ከጠራሁት ያ ዝምታ ምንም አይጠቅምም።

በዚያው ሳምንት

የኔታ ዛሬ ጠሩኝ። «ልጄ፣ ይሄ ዕቃ አላውቅህም አለኝ» አሉ። ለቡና ወጥተው ሲመለሱ ስክሪኑ ተቆልፏል። ፓስዎርዳቸውን ይጽፋሉ፣ ነጠብጣቡ ይደረደራል፣ «የተሳሳተ ነው» ይላቸዋል። ቀስ ብለው፣ ቁልፉን አንድ በአንድ እያዩ ደገሙት። ያው ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ለቡና ሲነሱ የሚጽፉት በአማርኛ ነበር። ስክሪኑ ሲቆለፍ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንዳለ ቀረ። ፓስዎርዳቸው ግን በላቲን ፊደል ነው። እሳቸው ትክክለኛውን ቁልፍ ይጫናሉ፣ ኮምፒውተሩ የግዕዝ ፊደል ይቀበላል። ፊደሉ በነጠብጣብ ስለሚሸፈን የቱ ቋንቋ ላይ እንዳሉ የሚያውቁበት መንገድ የለም። ሎክ ስክሪኑ ላይ የኪቦርዱን ቋንቋ የሚያሳይ ምልክት አልተቀመጠም። የቋንቋ መቀየሪያው ቁልፍም እዚያ አይሠራም።

ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ3ን ተጭኜ ወደ ጽሑፍ ኮንሶሉ ገባሁ። ኮንሶሉ የራሱ የኪቦርድ ሴቲንግ ስላለው ላቲን ይጽፋል። በአድሚን አካውንት ገብቼ ሎግኢን-ሲቲኤል በሚባለው ትእዛዝ ስክሪናቸውን ከፈትኩላቸው። ሴቭ ያልተደረገው ጽሑፋቸው ደህና ነበር። «ተመስገን» ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ።

እኔ ግን ክፍሉን ዞር ዞር ብዬ አየሁት። አንዱ ላፕቶፕ ጎን ላይ ፓስዎርዱ የተጻፈበት ወረቀት በፕላስተር ተለጥፏል። ሌላው ላይ ስክሪን መቆለፊያው «በጭራሽ» የሚለው ላይ ተደርጓል። ከጥጉ ያለው ደግሞ ሲበራ ምንም ሳይጠይቅ በቀጥታ ይገባል። ለምን ብዬ ጠየቅኩ። የሁሉም መልስ ተመሳሳይ ነው፦ «አንዳንዴ አልገባ ይላል።»

እነዚህ ሰዎች ለፋይላቸው የማይጨነቁ ሆነው አይደለም። መቆለፊያው የገዛ ባለቤቱን ደጅ ስላስጠና ነው ያጠፉት። ይሄ ባግ መዝገብ ላይ ሲገባ «የአጠቃቀም ችግር» ተብሎ እንደሚመደብ ከወዲሁ አውቃለሁ። እዚህ ክፍል ውስጥ ግን የደህንነት ችግር ሆኖ ነው ያገኘሁት። ሪፖርቴም ይህንኑ መናገር አለበት።

የጥቅምት አጋማሽ

ከመላኬ በፊት ባጉ መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደማይመጣ ለይቼ ማወቅ ፈለግኩ። ምንም ሴቲንግ ያልተነካበት አዲስ አካውንት ከፈትኩ። በአሮጌ አካውንት ላይ የታየ ነገር ከዓመታት በፊት የተነካ ሴቲንግ ያመጣው ሊሆን ይችላል። በአዲስ አካውንት ላይ ከታየ ግን የሚያከራክር ነገር የለም።

አማርኛን ልጨምር ስል ሌላ ጉድ ወጣ። ዝርዝሩ ውስጥ አማርኛ ሁለት ቦታ አለ። አንዱ ኤክስኬቢ በሚባለው ሥርዓት የሚሠራ ሲሆን ቁልፉ ሲጫን በቀጥታ የግዕዝ ፊደል ያወጣል። ሌላው አይባስ በሚባለው በኩል የሚሠራው ሴራ ነው፤ ድምፁን በላቲን ስትጽፍለት ወደ ግዕዝ ይለውጠዋል። የስማቸው ልዩነት ኢምንት ነው። አዲስ ሰው የመጀመሪያውን ያገኘውን ይመርጣል። ይሄን ለብቻው ያዝኩት፤ በአንድ ሪፖርት ሁለት ባግ ማጨቅ ሁለቱንም ያስረሳል።

በሴራው ሞከርኩ። ስክሪኑ ቢቆለፍም ፓስዎርዱ በላቲን ይገባል። የፓስዎርድ ሳጥን ላይ ሲደርስ አይባስ ከመንገድ ይወጣል። በኤክስኬቢው ሞከርኩ፤ ተቆለፈ፣ አልገባም አለ። ሌላ ላፕቶፕ ላይም እንዲሁ ሆነ። ከዚያ ሩሲያኛን ጨምሬ ሞከርኩ። ያው! ግሪክኛም ያው።

ይሄ ለሪፖርቱ ትልቅ ነገር ነው። ባጉ ከላቲን ውጭ ባለ ፊደል የሚጽፈውን ሁሉ ይነካል ማለት ነው። «የአማርኛ ችግር» ብዬ ብልከው የሚሞክረው ዴቨሎፐር አማርኛ የማያውቅ ስለሚሆን ሪፖርቱ ተራ ሲጠብቅ ይከርማል። ሩሲያኛ ላይ ከታየ ግን በዚያው ቀን ራሱ ሊያየው ይችላል።

ጥቅምት ሲያልቅ

ሪፖርቱ ተላከ። መጀመሪያ ግን ቀድሞ የተመዘገበ እንዳለ ፈለግኩ። እያንዳንዱ ዴስክቶፕ የራሱ መዝገብ አለው። ግኖም የሚባለው ዴስክቶፕ እ.ኤ.አ. በ2018 ከባግዚላ ወደ ጊትላብ፣ ከአንዱ የባግ መዝገብ ወደ ሌላው፣ ተዛውሯል። ሌላው ዴስክቶፕ ኬዲኢ ባጎቹን አሁንም በባግዚላ ይመዘግባል። በተለያየ ቃል ፈለግኩት፤ በዚህ መልክ የተጻፈ አላገኘሁም።

ርዕሱ ላይ ብዙ ቆየሁ። «ሎክ ስክሪን አይሠራም» ቢባል ማንም አይከፍተውም። እኔ የጻፍኩት ይሄን ነው፦ «ስክሪኑ ላቲን ያልሆነ ኪቦርድ ላይ ሳለ ከተቆለፈ ቋንቋውን ማወቅም መቀየርም አይቻልም።» ከሥሩ የዴስክቶፑ ቨርዥን፣ የሊኑክሱ ዓይነት፣ ስክሪኑን የሚያስተዳድረው ሥርዓት አሮጌው ኤክስ11 ይሁን አዲሱ ዌይላንድ፣ ባጉን ለማምጣት የሚያስፈልጉት እርምጃዎች በቅደም ተከተል፣ የጠበቅኩት ምን እንደነበር፣ የሆነው ምን እንደሆነ። ሎክ ስክሪን ላይ ስክሪንሾት ማንሳት ስለማይቻል በስልክ ፎቶ አነሳሁት።

ሎግ (ኮምፒውተሩ የሆነውን ሁሉ ከነሰዓቱ የሚጽፍበት ፋይል) ስታያይዙ ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛው ሰዓት ነው። ተማሪው «ሦስት ሰዓት ላይ ነው የሆነው» ሲል ሎጉ ውስጥ 09:00 ላይ ነው የምታገኙት። ለዴቨሎፐሩ ደግሞ በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት፣ መጻፍ ይሻላል፤ የእኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት እዚያ 06:00 ነው። ይሄን ሳያስታርቁ የላኩት ሎግ ዴቨሎፐሩን የተሳሳተ ቦታ ያስቆፍረዋል።

ሁለተኛው ከዚህ ይበልጣል። ሎግ ውስጥ የሰው ስም፣ የዋይፋይ ስም፣ የፋይል ስም ይገኛል። የባግ መዝገብ ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው። የኔታ የሚገለብጡት የብራና ስም፣ የአንዲት ልጅ የሥራ ማመልከቻ ርዕስ እዚያ መውጣት የለበትም። መስመር በመስመር አንብቤ አጸዳሁት። ፕሮግራም ሲወድቅ የሚቀረው የሜሞሪ ቅጂ ደግሞ ጭራሽ በአደባባይ አይያያዝም። የሎክ ስክሪን ከሆነ ፓስዎርዱ ራሱ ውስጡ ሊኖር ይችላል።

ኅዳር

መልስ መጣ። ዴቨሎፐሩ በሩሲያኛ ሞክሮ አይቶታል። ባጉ አለ ብሏል። ነገር ግን «ማሻሻያ፣ ዝቅተኛ ቅድሚያ» የሚል ምልክት ለጥፎበታል።

እልህ አልተጋባሁም። የማንንም ስም ሳልጠራ ክፍሉ ውስጥ ያየሁትን ጻፍኩለት። ከላፕቶፖቹ ከግማሽ በላይ ላይ መቆለፊያው እንደጠፋ፣ ያጠፉት ሰዎች ምን እንዳሉኝ፣ ፓስዎርድ በወረቀት እንደተለጠፈ። ጥያቄዬንም ለሁለት ከፈልኩት። መጀመሪያ ቋንቋውን የሚያሳይ ምልክት ብቻ ይቀመጥ፤ ቀላል ነው። መቀየሪያው ይከተል።

ከጥቂት ቀን በኋላ አንድ በዕብራይስጥ የሚጽፍ ሰው ያው ነገር እንደሚገጥመው ከሥሩ ጨመረ። «ዝቅተኛ ቅድሚያ» የሚለው ምልክት ተነሳ። ቅድሚያው ከፍ አለ።

በዚሁ ወር አንድ ትንሽ ነገር፦ የአንዳንድ ሜኑ ጽሑፎች በአማርኛ ሲሆኑ የፊደሉ እግር ይቆረጣል። የሳጥኑ ቁመት በላቲን ፊደል ልክ ተሰፍቶ ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ላይም አቢሲኒካ ላይም ታየ። የፎንቱን ስም፣ ፎቶውንና ሳጥኑ የቱ እንደሆነ ጽፌ ላክሁ። ቶሎ ተስተካከለ።

ኅዳር መጨረሻ

ስለ ሎክ ስክሪን ሳነብ ሰነበትኩ። ያነበብኩትን በራሳችን ማሽን ላይ እያየሁት ነው።

ቀኝ ክሊክ አድርጌ ሜኑ ከፈትኩና ስክሪኑ እስኪቆለፍ ጠበቅኩ። አልተቆለፈም! ሜኑው እስካለ ድረስ ክፍት ነው። ይሄ ያረጀ ችግር ነው፤ ምንጩ ኤክስ11 ነው። በኤክስ11 ላይ ሎክ ስክሪን ማለት እንደማንኛውም ፕሮግራም ያለ ፕሮግራም ነው። ኪቦርዱንና ማውሱን «የእኔ ብቻ» ብሎ ይይዛል፤ መቆለፍ የሚባለው ይሄ ነው። ሜኑ ቀድሞ ይዞት ከሆነ መቆለፊያው የሚይዘው አያገኝም። የባሰው ደግሞ መቆለፊያው ፕሮግራም ከወደቀ ዴስክቶፑ ወለል ብሎ መከፈቱ ነው።

ይሄ የሆነበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በጥር 2021 አንድ የሊኑክስ ሚንት ተጠቃሚ ልጆቹ ኪቦርዱንም ስክሪን ላይ ያለውን ኪቦርድም እንደመጣላቸው ሲነካኩ ሲናሞን የሚባለው የሚንት ዴስክቶፕ ሎክ ስክሪን እንደወደቀና ዴስክቶፑ እንደተከፈተ ሪፖርት አደረገ። ሲጣራ መንስኤው ስክሪን ላይ ባለው ኪቦርድ የላቲኑን ኢ (e) ፊደል ተጭኖ ከሚመጡት ምልክት ካላቸው ፊደላት አንዷ ነበረች። ያቺን ፊደል ሲጫኑ ኪቦርዱን የሚሠራው ላይብረሪ ይወድቃል፣ መቆለፊያውንም ይዞት ይወድቃል። ያስነሳው ደግሞ ቀደም ብሎ ለኤክስ ሰርቨር (ለኤክስ11 ዋና ፕሮግራም) የወጣ የደህንነት ጥገና ነበር። ኤክስስክሪንሴቨር የተባለውን የኤክስ11 ስክሪን መቆለፊያ እ.ኤ.አ. በ1992 የጀመረው ጄሚ ዛዊንስኪ መቆለፊያ ውስጥ የሚገባ ኮድ በጣም ትንሽ መሆን አለበት እያለ ለዓመታት የተከራከረው ለዚህ ነው።

ፈረንጁን የጣለች አንዲት ምልክት ያላት ፊደል ከሆነች፣ የእኛስ ፊደላት? በእኛ ዴስክቶፕ ላይ ስክሪን ኪቦርዱን ከፍቼ ሎክ ስክሪኑ ላይ የግዕዝ ፊደሎችን፣ ቁጥሮቹን፣ አራት ነጥብን ሳይቀር ጻፍኩበት። አልወደቀም። ይሄንንም መዝግቤዋለሁ፤ ተሞክሮ ያልተገኘ ነገር ለሚቀጥለው ሰው ድካም ይቀንሳል።

የሜኑውን ጉዳይ በተመለከተ የቆየ ሪፖርት አገኘሁ። «እኔም» ብሎ መጨመር ምንም አይፈይድም። ለእኛ መፍትሔው ሌላ ነው። ዌይላንድ፣ ክርስቲያን ሆግስበርግ እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው፣ ነገሩን ከሥሩ ይለውጠዋል። አንዱ ፕሮግራም ሌላው ላይ የሚጻፈውን ማንበብ አይችልም፤ መቆለፉም የዴስክቶፑ ዋና አካል ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የመጣ አንድ የዌይላንድ ፕሮቶኮል መቆለፊያው ፕሮግራም ቢሞት እንኳ ስክሪኑ ተቆልፎ እንዲቆይ ያስገድዳል። አቅም ያላቸውን ላፕቶፖች ወደ ዌይላንድ ማዛወር ጀመርኩ።

ታኅሣሥ

ፍላሽ። እዚህ ከተማ ፋይል የሚጓዘው በፍላሽ ነው። ተማሪው ከፎቶ ኮፒ ቤት ወደ ክፍላችን፣ ከክፍላችን ወደ ማራኪ ካምፓስ፣ ከዚያ መልሶ ፎቶ ኮፒ ቤት። የሚሸከሙት ቫይረስ ብዙውን ጊዜ የዊንዶውስ ስለሆነ እኛ ጋ ምንም አያደርግም። ይሄ ግን ሰውን ያዘናጋል። ዴስክቶፑ ራሱ ፍላሽ ሲሰካ ብዙ ነገር ያደርጋል፦ ስሙን ያነባል፣ ይከፍተዋል፣ ለፎቶዎቹ ትንንሽ ምስል ይሠራል። ተጠቃሚው ምንም ሳይነካ።

እ.ኤ.አ. በ2018 የኬዲኢ ዴስክቶፕ በሆነው ፕላዝማ ላይ የተገኘው ባግ የደህንነት መለያ ቁጥሩ ሲቪኢ-2018-6791 ይባላል። የፍላሹ ስም ውስጥ የዶላር ምልክትና ቅንፍ አድርጎ ትእዛዝ የጻፈ ሰው፣ ፍላሹ በዴስክቶፑ ማስታወቂያ በኩል ሲከፈት ትእዛዙን ማስኬድ ይችል ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በዚያው ኬዲኢ ውስጥ አንድ የተመረዘ ፋይል ያለበትን ፎልደር መክፈት ብቻ ይበቃ ነበር። ዴቨሎፐሮቹ ትእዛዝ የሚያስኬደውን ያንን አሠራር ከነጭራሹ አወጡት። እ.ኤ.አ. በ2023 ተራው የግኖም ሆነ፤ ከኢንተርኔት የወረደ አንድ ትንሽ ፋይል ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ ሲያርፍ ፋይሎችን ለፍለጋ የሚመዘግበው ፕሮግራም ራሱ አንብቦት ችግሩ ይነሳ ነበር። ተጠቃሚው ሳይከፍተው!

የ2018ቱን በእኛ ዴስክቶፕ ላይ ሞከርኩ። ፋት በሚባለው ፎርማት የተዘጋጀ ፍላሽ ስም ከ11 ፊደል ስለማይበልጥ የሚገባው ትእዛዝ አጭር ነው፤ ባዶ ፋይል የሚፈጥር አደረግኩት። ሰካሁት፣ ከማስታወቂያው ላይ ከፈትኩት። ስሙን እንደ ተራ ጽሑፍ አሳየው፤ ምንም ፋይል አልተፈጠረም። ጥሩ ነው። አሮጌ ቨርዥን የቀረባቸውን ላፕቶፖች ግን በዚያው ቀን አዘመንኳቸው።

ታኅሣሥ መጨረሻ

የደህንነት ባግ አገኘሁ። ላፕቶፑ ከእንቅልፍ ሲነቃ ከሚሆነው ጋር የተያያዘ ነው። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

አላላኩን ግን መጻፍ እችላለሁ። ጊትላብ ላይ ሪፖርት ሲከፈት ምስጢራዊ የሚያደርግ ሳጥን አለ፤ እሱን ምልክት አደረግኩ። ያን ጊዜ የሚያዩት የፕሮጀክቱ ሰዎች ብቻ ናቸው። ቪዲዮውን የቀረጽኩት በስልክ ነው፤ ለጓደኛ ማሳየት ቢያምረኝም ቴሌግራም ላይ አልላኩትም። ጥገናው ዝግጁ ሲሆን ሊኑክስ አከፋፋዮቹ ቀድመው እንዲያውቁት የሚደረግበት ዝግ የኢሜይል ቡድን አለ፤ እዚያ ምስጢሩ ቢበዛ ለ14 ቀን ነው የሚያዘው። ከዚያ በኋላ ለሁሉም ይገለጣል። ይሄ አሠራር ይስማማኛል። ተጠቃሚው ሳይጠገንለት አይጋለጥም፣ ዴቨሎፐሩም ነገሩን ሸፍኖ ዓመት አያቆየውም።

በሁለተኛው ቀን መልስ ሰጡኝ። ተመሳሳይ ሰዎች ናቸው፣ ተመሳሳይ ዴስክቶፕ ነው። የኔታን ደጅ ያስቆመው ባግ ግን መልስ ለማግኘት ሳምንታት ፈጅቶበት ነበር። ሁለቱን ሪፖርቶች ጎን ለጎን ሳያቸው የክፍላችንን ፋይሎች ይበልጥ ያጋለጠው የቱ እንደሆነ አልጠራጠርም። ላፕቶፑ ሲነቃ የሚታየውን ባግ ለመጠቀም ሰው አጠገቡ መሆን፣ ጊዜውንም መጠበቅ አለበት። መቆለፊያው የጠፋውን ላፕቶፕ ማንም ይከፍተዋል።

የጥምቀት ሰሞን

ከተማው በእንግዳ ተሞልቷል። ክፍላችንም ከዘመድ ጋር የመጡ ልጆች፣ ፎቶ ከስልክ ወደ ፍላሽ የሚያዛውሩ እንግዶች ይመላለሱበታል። መቆለፊያ የሚያስፈልገን እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

የሎክ ስክሪኑ ጥገና ደርሷል! ለሙከራ የሚወጣው፣ ከፍላሽ የሚነሳው የሥርዓቱ ሙሉ ቅጂ ውስጥ ገብቷል። ፋይሉ ትልቅ ስለሆነ ኢንተርኔቱ ሲለቀቅ ማታ ማታ አወረድኩት። መሀል ላይ መብራት ቢጠፋም ከቆመበት የሚቀጥል ማውረጃ ስለተጠቀምኩ አልከሰርኩም። በፍላሽ አስነስቼ ኤክስኬቢውን አማርኛ መርጬ ቆለፍኩት። ከፓስዎርድ ሳጥኑ አጠገብ የቋንቋው ምልክት አለ። ተጭኜ ወደ እንግሊዝኛ ቀየርኩ፤ ገባ።

ከተራ ከመግባቱ በፊት የኔታን አስቀመጥኳቸው። ምንም አልነገርኳቸውም። ተቆለፈባቸው፣ ጻፉ፣ አልገባም አለ። ትንሽ ቆዩ። መነጽራቸውን አስተካክለው ጠጋ አሉ። «እዚህ ጋ የተጻፈችው ምንድን ናት?» አሉ። ነገርኳቸው። ቀየሩት፣ ገቡ። ከዚያ «ጥሩ ነው፤ ግን ለእኔ ዓይን በጣም ደቃቅ ናት» አሉ።

ትክክል ናቸው። ሴቲንግ ውስጥ የፊደሉን መጠን ብናተልቀውም ያቺ ምልክት አብራ አታድግም። በአዲስ ሪፖርት ላክሁት፤ ከመጀመሪያው ጋር አያያዝኩት። ሰው ካላያት እንደሌለች ትቆጠራለች፣ ወረቀቱም ተመልሶ ይለጠፋል ብዬ ጻፍኩ።

የካቲት

የምልክቷ መጠን ተስተካክሏል፤ ከሚቀጥለው ቨርዥን ጋር ይመጣል። የሁለቱ አማርኛዎች ሪፖርት ገና መልስ አላገኘም። ከሥሩ የሁለቱን ልዩነት የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ጨመርኩበት።

ወደ አዲሱ ቨርዥን በተዛወሩት ላፕቶፖች ላይ መቆለፊያውን ከባለቤቶቹ ጋር እየተነጋገርን መልሰን እያበራን ነው። አንዷ ልጅ እሺ አላለችም። «መጀመሪያ አንድ ወር ልየው» ብላለች። አላስገደድኳትም፤ የፈራችው ያለ ምክንያት አይደለም።

ምስጢራዊው ሪፖርት ላይ ዴቨሎፐሩ የጥገና ኮድ ልኮልኝ ሌላ የስክሪን ካርድ ባለው ማሽን ላይ እንድሞክረው ጠይቋል። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉም ኢንቴል ናቸው። አዘዞ ያለ ጓደኛዬ ኤኤምዲ የሆነ ላፕቶፕ አለው። ሰኞ ይዞልኝ ይመጣል።